ለሌለ ቁስል የተሠራ ገንፎ

ሰኔ 2 ቀን፣ እሑድ

ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጻፍ ነገር ያለኝ አልመሰለኝም ነበር። ዛሬ ግን በአፌ ለማንም የማልናገረው ጉዳይ ስለ ገጠመኝ ብዕር አነሣሁ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ባለቤቴ ሐመልማል ከእንግዲህ ማርገዝ የለባትም። አምና የፀነሰችውን በሰባተኛው ወር አጥተን፣ እርሷም በኦክስጅን ስትተነፍስ ሰንብታ ነው የተረፈችው። በልጅነቷ ያደረባት ሕመም ከልቧ በሮች አንዱን አበላሽቶታል። ሐኪሙ «አንድ እርግዝና ቢጨመር ይህ ልብ አይችልም» ብሎ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነግሮናል። መርፌውና ክኒኑ ለልቧ አይሆንም ተባለ፤ በማሕፀን የሚቀመጠው ሉፕ ደም አበዛባት፤ የእርሷን የማሕፀን ቱቦ እንዳይቋጥሩ ማደንዘዣው አሠጋቸው። የቀረሁት እኔ ነኝ። የወንዱ የዘር ቱቦ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይቋጠራል። ለረቡዕ ቀጠሮ ተይዞልኛል።

እኔ የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ነኝ፤ እርሷ አርባ አልሞላትም። የመጀመሪያዋ ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ያገባኋት ናት፤ ትንቢት የምትባል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችን።

በክሊኒኩ ምክር የሰጠችን ሲስተር ከዲጃ «ጋሼ፣ ጥርስ የመነቀልን ያህል እንኳ አያምም» አለችኝ። በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሦስት የሰዋስው ስሕተት ነበረበት። አንዱን ሳርምላት ሐመልማል ክንዴን ነካ አደረገችኝ። ሲስተር ከዲጃ ቀጥላ፣ ከተቋጠረም በኋላ ሦስት ወር ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያም ናሙና ተመርምሮ ብቻ «ነጻ» እንደሚባል አስረዳችን። ሐመልማል በጣቷ ቈጥራ «ለዘመን መለወጫ ነዋ» አለች። ወደ ቤት ስንመለስም «በመስከረም እንደ ሰው እተኛለሁ» አለችኝ።

በልጅነቴ፣ በዲክሲስ፣ አባቴ ወይፈን ሲያኮላሽ አይቻለሁ። አራት ሰዎች በጠፍር አስረው ይጥሉታል፤ አምስተኛው በእንጨት ይቀጠቅጣል። ወይፈኑ አልጮኸም። ዐይኑን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህና ያ አንድ እንዳልሆነ አእምሮዬ ያውቃል፤ ጕልበቴ ግን አያውቅም።

ዛሬ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ከኦጎልቾ የመጣ አንድ ሰው ነገሩን አስደርጎአል ተባለ። ነጋዴው ከዲሮ «እንግዲህ ለእርሻ ነዋ የሚሆነው» አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰኔ 5 ቀን፣ ረቡዕ

ወደ ክሊኒኩ ሄድሁ። ተመለስሁ። ዝናብ ነበር። ሐመልማል አልጋ አንጥፋ ጠበቀችኝ። ደክሞኛል።

ሰኔ 7 ቀን፣ ዓርብ

የረቡዕ ዕለቱን ደግሜ አነበብሁት። አንድም ሐሰት የለበትም፤ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

አልተደረገልኝም። እውነቱ ይህ ነው።

ሐኪሙ ሌሊሳ ነው። በስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ስገባ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። «ጋሼ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ሱሪዎን ዝቅ አድርገው ይተኙልኝ» አለኝ። በፍጹም ትሕትና ነበር የተናገረው። ተኛሁ። ጣራው ላይ የዝናብ ፍሳሽ የተወው ቢጫ ክብ ነበር። ከትሪው ውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ። «ትንሽ መርፌ ናት፤ ከዚያ በኋላ አይሰማዎትም» አለ።

«አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ልድረስ» አልሁ።

ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው። የጓሮው በር ተከፍቶ ነበር። ጃንጥላዬን በተራ መጠበቂያው ክፍል እንደ ተወሁ በዚያ ወጣሁ። አርባ ዓመት ያህል ከክፍል ሾልኮ የሚወጣ ተማሪ ስቀጣ ኖሬአለሁ።

እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ በደኅና እግሬ ሄድሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀምሮ ቤታችን ይታያል፤ ከዚያ በኋላ አነከስሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እግሬ በራሱ ጀመረው ብል ሌላ ሐሰት ይሆናል።

ሐመልማል በሩ ላይ ደግፋ ተቀበለችኝ። «አሞዎታል?» አለችኝ። «ይቻላል» አልኋት። ይህም ሐሰት አልነበረበትም። ከዚያም የገብስ ገንፎ አቀረበችልኝ፤ ለአራስ እንደሚሠራው፣ መካከሉ ተጎድጕዶ፣ ቅቤና በርበሬ ሞልቶት። የፋሲካው ሃምሳ ቀን ስላልወጣ ቅቤው ረቡዕም ቢሆን ይበላል። በላሁት። ጣፈጠኝ።

ማታ «ቁስሉን ልይልዎት?» አለችኝ።

«የወንድ ቁስል በሴት አይታይም» አልኋት። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። እኔ ፈጠርሁት።

ዛሬም ገንፎ ሠራችልኝ። ትንቢት ከሳህኔ ጥግ በጣቷ ነክታ «አባዬ አራስ ሆነ» ብላ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

ሰኔ 10 ቀን፣ ሰኞ

ደበላ መጣ። ከቤታችን በታች፣ ከዋናው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው። ሚስቱ ከበደች ሦስት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ወልዳለች፤ ለአራተኛው ማሕፀኗ አይችልም ተብላለች። እርሷና ሐመልማል በክሊኒኩ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ምክሩን የሰሙት።

ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን ታጥቦ መጥቷል፤ የጎማው ሽታ ግን አልለቀቀውም።

«ጋሼ ዳይሬክተር፣ እሷ ሦስቴ ሆዷን ተቀዳለች። አሁን ተራው የኔ ነው ብያለሁ። ረቡዕ ቀጠሮ አለኝ» አለኝ። «ሲስተሯማ አያምም ትላለች። ሲስተር ምን ታውቃለች፤ እሷ የላትም። እውነት የሚናገር ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው። ያማል?»

በዚያች ቅጽበት «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። «ትንሽ ነው» ማለትም ይቻል ነበር። ብርድ ልብስ ለብሼ፣ ትራስ ተደግፌ፣ ገንፎዬ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ «ትንሽ ነው» ብለው «ታዲያ ምን ሆነው ተኝተዋል» አይለኝም?

«መርፌው ሲገባ እሳት ነው» አልሁት። «ማደንዘዣ ይሉታል እንጂ የሚያደነዝዘው ቈዳውን ነው። ሥሩን ሲስቡት ከእምብርትህ እስከ ጉሮሮህ ያለው ሁሉ አብሮ ይሳባል። ወንድ ልጅ እናቱን የሚጠራው ያን ጊዜ ነው።»

«እርስዎም ጠሩ?»

«ጠራሁ።»

ደበላ «ዋቃዮ» አለ በቀስታ፣ አምላኩን በኦሮምኛ ሲጠራ። ከዚያ የአክብሮት አስተያየት አየኝ። ከጡረታ ወዲህ ማንም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። በጓዳ የዕቃ መታጠብ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። ደበላ ከሄደ በኋላም ብዙ ቆይቶ ነው የቀጠለው።

ሰኔ 18 ቀን፣ ማክሰኞ

የሐዋርያት ጾም ትናንት ገባ። በጾም ባልና ሚስት መኝታ ይለያሉ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁት፤ ያመሰገንሁበትን ምክንያት እርሱ ያውቃል።

ማነከሴን ትቻለሁ። ድኛለሁ ተብሏል።

ደበላ በቀጠሮው ቀን አልሄደም። «ጎማ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ባለፍሁ ቁጥር ዐይኑን ከሥራው አያነሣም።

ሐምሌ 6 ቀን፣ ቅዳሜ

ጾሙ ትናንት ተፈታ። ቀኑን ሙሉ ምን ብዬ እንደማመካኝ ሳስብ ዋልሁ። ማታ ሐመልማል ትራሷን አንሥታ «ብርዱ በረታ፤ ትንቢትን ላሙቃት። ቁስልዎንም እንዳልነካብዎት» ብላ ወደ ልጅቱ ክፍል ሄደች። ከጪላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በእርግጥ በርትቷል። እንዲህ ያለች አስተዋይ ሴት የምትገባኝ ሰው አይደለሁም።

አንድ ነገር ልጻፍ። ጃንጥላዬ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ አገኘሁት።

«ይህ ከየት መጣ?» አልኋት።

«ከረሱት ቦታ» አለችኝ፤ ሽንኩርቷን ትልጥ ነበር።

ወፍጮ ቤት ረስቼው ነው ብዬ ራሴን ማሳመን ይሻለኛል። እዚያም ብዙ ጊዜ ዕቃ እረሳለሁ።

ሐምሌ 14 ቀን፣ እሑድ

ነገ ሄጄ ላስደርገው ወስኛለሁ። ማንም ሳያውቅ ይፈጸማል፤ ሐሰቱም ዘግይቶ እውነት ይሆናል።

ሐምሌ 15 ቀን፣ ሰኞ

እስከ ክሊኒኩ አጥር ደረስሁ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ለማን ፈልገው ነው?» አለኝ። አነጋገሩን አረምሁለትና ተመለስሁ።

ሐምሌ 21 ቀን፣ እሑድ

በዕድሩ አዳራሽ ጀርባ በኩል ስመጣ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ዝናቡን በቆርቆሮው ሥር ተጠልለው ነበር። ይናገር የነበረው ከዲሮ ነው።

«ዳይሬክተሩ እንኳ፣ ያ ድንጋይ ሰውዬ፣ ‹እናቴን› ብሎ ጮኋል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ራሱ ነዋ የተናገረው። ሰውዬው ደግሞ አንድ ቃል አያጋንንም፤ ‹ዶሮ ሞተች› ለማለት እንኳ አይቶ ነው።»

«እኔ ሚስቴ ይህን ብታነሣ ወደ ጮሌ ነው የምጠፋው።»

«ጮሌም ክሊኒክ አለ።»

ሳቁ። እኔ በዝናቡ ውስጥ ቆምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያከማቸሁት መታመን ለዚህ ዋለ። ሐሰተኛ ሰው ቢሆን የተናገረው ማንም ባላመነ ነበር።

ምን ያህሉ ሰው በእኔ ቃል እንደ ቀረ አላውቅም። ደበላን ግን አውቃለሁ።

ነሐሴ 4 ቀን፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው። ሐመልማል ምስር ስትለቅም ቀና ሳትል «ከበደች አርግዛለች» አለችኝ።

«ደበላ ምነው ሳይሄድ ቀረ?» አልኋት። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ በራሴ አፍ።

«ፈርቶ ነው ይላሉ።»

«ወንድ ልጅ ይህን ያህል አይፈራም።»

እጇ በምስሩ ላይ ቆመ። «ሰው ካስፈራው ይፈራል» አለችና ድንጋዩን ለቅማ ጣለች።

ነሐሴ 13 ቀን፣ ሰኞ

ከበደች ደማች። ሌሊት ጀመራት። በባጃጅ ወሰዷት። ጽንሱ ከቀድሞው ስፌት ላይ ተጣብቋል ይላሉ። ደም ይፈለጋል። ሐመልማል ቀድማ ሄዳለች። እኔም መሄድ አለብኝ። ጫማዬ የት ነው?

ማታ

ደበላ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ለመነሣት ሞከረ። ከለከልሁትና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከኮሪደሩ ጫፍ የሐመልማል ነጠላ ይታየኝ ነበር፤ የከበደችን እኅት ይዛለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ችለውታል» አለኝ። «በዚህ ዕድሜዎ። እኔ የጎማ ብረት የምጨብጥ ሰውዬ የአንድ ቀን ሕመም ፈርቼ...» ጨርቁን ከኪሱ አውጥቶ ፊቱን ጠረገበት፤ የግሪስ መስመር ጉንጩ ላይ ቀረ። «ሳይዎት አፍራለሁ። በመንገድ ሲያልፉ ቀና የማልለው ለዚያ ነው።»

ሲያፍር የከረመው እርሱ ኖሯል።

አሁን እነግረዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁ። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁ። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። እጄን ያዘ፤ አመሰገነኝ።

ነሐሴ 14 ቀን፣ ማክሰኞ

ከበደች ተርፋለች። ጽንሱ የለም። ደም ተሰጥቷት ዐይኗን ገልጣለች።

ሐመልማል ከሆስፒታል ተመልሳ እጇን ስትታጠብ ቆየች። «እርሷ ብትሆን ኖሮ» አልሁ በልቤ። ከበደች የተኛችበት አልጋ ላይ ሐመልማልን ነበር ያየሁት። መስከረም ቀርቧል።

ነሐሴ 17 ቀን፣ ዓርብ

ዛሬ በእርግጥ ተደረገልኝ። በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ሳላሳንስና ሳልጨምር መናገር ግዴታዬ ነው።

ሲስተር ከዲጃ በሩ ላይ አየችኝ። አልተገረመችም። «መጡ፣ ጋሼ? ይግቡ» አለችኝ። ካርዴን ስትፈልግ ቆይታ «ጃንጥላው ደረሰዎት አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ለማን ሰጠሽው?»

«ለባለቤትዎ ነዋ። በሰኔ ነው፤ እርስዎ በወጡ በሳምንቱ ለልቧ መድኃኒት መጥታ። ‹ያንን ቀን አልተመቻቸውም፤ ሌላ ቀን ይምጡ› ብዬ ነግሬያታለሁ። አልነገረችዎትም?»

«ነግራኛለች» አልሁ። ይህንንም ዋሸሁ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ።

ተኛሁ። ቢጫው ክብ በጣራው ላይ እንደ ነበረ ነው። ሌሊሳ ስላለፈው ነገር አንዲት ቃል አልተናገረም። መርፌው ሲገባ እንደ ንብ ነደፈኝ፤ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ንቡ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲነካካኝ ይሰማኛል፤ አያመኝም። ሌሊሳ አጎንብሶ እየሠራ «ጋሼ፣ ‹እኔና ወንድሜ ሄድኩ› የሚል ተማሪ ምን ያደርጉት ነበር?» አለኝ። ሆን ብሎ መሆኑ ገባኝ፤ ቢሆንም መለስሁለት። በማስረዳው መካከል ከሆዴ ሥር እንደ ቁርጠት ያለ መሳብ መጣ። ጥርሴን ነከስሁ። ሌላውን ጎን ሲይዝም እንደዚያው መጣ። አለፈ።

«ጨረስን» አለ።

«ምኑን?» አልሁት።

ያ ነበር። ወይፈኑ፣ ጠፍሩ፣ የአባቴ እንጨት፣ ሁለት ወር ከግማሽ፣ ከበደች በባጃጅ ላይ፤ ሁሉም ለዚያ ነበር።

ደግሞ ይህን ልጽፍ ይገባኛል፦ እንዲያመኝ ፈልጌ ነበር የተኛሁት። ለደበላ የነገርሁትን ያህል ቢያመኝ ቢያንስ ያልሁት እውነት ይሆን ነበር። አላመመኝም። ዕዳዬን እንዳልከፍል ተከለከልሁ።

ሲስተር ከዲጃ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ወር» አለችኝ። ሐመልማል የምትጠብቀው መስከረም ወደ ኅዳር ሄደ።

ስመለስ ማደንዘዣው ለቀቀኝና እየጠዘጠዘኝ በእርግጥ አነክስ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ቀጥ ብዬ ለመሄድ ሞከርሁ።

ነሐሴ 18 ቀን፣ ቅዳሜ

ትንቢት ወደ ጎረቤት ስትሄድ ሐመልማልን ጠራኋት። ቆሜ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ መቀመጥ ግድ ሆነብኝ።

«ትናንት አስደረግሁ» አልኋት።

«አውቃለሁ። አካሄድዎ ይለያል። በሰኔ ሲገቡ በግራ ነበር የሚያነክሱት፤ ሲነጋ በቀኝ ሆነ።»

«ጃንጥላውን ካመጣሽ ጀምሮ ታውቂ ነበር።»

«ከዚያም በፊት። ልብስዎን የማጥበው እኔ ነኝ። ጠብታ ደም የሌለበት ቁስል አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ገንፎውን ለምን ሠራሽልኝ?» አልኋት። ከሁሉ ነገር ይህን መጠየቄ ይገርመኛል።

«የመጀመሪያውን ሳላውቅ ነው። የቀረውን አውቄ ነው» አለች። «የደነገጠ ሰውም እንደ አራስ ይታረሳል። ሲረጋጉ ይነግሩኛል ብዬ ነበር። ጾሙ ሲፈታ ትራሴን አንሥቼ ወጣሁ፤ ያን ጊዜም ይነግሩኛል አልሁ። የራሴን ልብ በራሴ ጠበቅሁ።»

ነጠላዋን ሳበች። ከዚያ የተናገረችውን እንደ ወረደ እጽፋለሁ።

«እኔን የዋሹኝን እተወዋለሁ። ለደበላ ሲናገሩ ግን ጓዳ ነበርሁ። ሰማሁ። ወጥቼ ‹ሐሰት ነው› ብል በሰው ፊት አዋርድዎታለሁ ብዬ ዕቃዬን አጠብሁ። ከበደች ሆስፒታል ስትገባ እጇን የያዝሁት እኔ ነኝ። ‹ደበላን አትቆጪው፤ ሕመሙ ጋሼን እንኳ አስጮኋቸዋል› ትለኝ ነበር። የእርስዎን ክብር ጠብቄ ያን እጅ ያዝሁ። ከእንግዲህ ይህን አልችልም። ይንገሩት።»

ገንፎ አልሠራችልኝም። ሽሮ በላን። ሲቀመጡም ሲነሡም ይጠዘጥዛል፤ የጠየቀኝ የለም። ትክክል ነው።

ነሐሴ 24 ቀን፣ ዓርብ

ስድስት ቀን ዘገየሁ። ከበደች ከሆስፒታል ትውጣ አልሁ፤ ወጣች። ዝናቡ ይቁም አልሁ፤ አቆመ።

ደበላ ከአንድ አይሱዙ ጎማ ጋር ይታገል ነበር። ረዳቶቹ ምሳ ሄደዋል። የተገለበጠ ጎማ አቀረበልኝ፤ ጨርቅ አነጠፈበት። ቆሜ ነገርሁት። በሰኔ እንዳልተደረገልኝ፣ በጓሮ በር እንደ ወጣሁ፣ የነገርሁት ሕመም ሁሉ ከራሴ የፈለቀ እንደ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ግን እንዳስደረግሁ።

ብረቱን ከጎማው ሳያወጣ ቆየ።

«መኪናውን ሳይነዱት ነው ጎማው ፈነዳ ያሉኝ?»

«አዎን።»

«እናቴን ጠራሁ ያሉትስ?»

«አልጠራሁም።»

«እኔ ግን ጠራኋት። በዚያ ኮሪደር ላይ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ።» ብረቱን አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ወር በሚስቴ ፊት አንገቴን ደፋሁ። ለልጆቼ እንኳ ቀና ብዬ አልተናገርሁም። እርስዎ ሲያልፉ አጎንብሼ ባርኔጣዬን አወልቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም» አለኝ። አላረምሁትም፤ የሚታረም ነገር አልነበረውም።

አንድ ሾፌር መጥቶ ነፋስ ጠየቀ። ደበላ አራቱን ጎማ ሞላለት፤ ሾፌሩ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ሂድም አላለኝም፣ ተቀመጥም አላለኝም። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ጎማውን እያንከባለለ ጠየቀኝ።

«አሁንስ? ያማል?»

የሰኔውን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ጊዜ ወስጄ መለስሁለት። «መርፌው ሁለት ጊዜ እንደ ንብ ይነድፋል። ከዚያ በኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ጊዜ ከሆድህ ሥር ይስብሃል፤ እንደ ቁርጠት ነው፤ ጥርስህን ነክሰህ ሳትጨርስ ያልፋል። ማታ ይጠዘጥዛል። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን ጎንብሼ አስሬአለሁ። የእኔ ይህ ነበር። የአንተን አላውቅም።»

«ቶሌ» አለ። ይሁን ማለቱ ነው፤ ይቅር ማለቱ አይደለም።

ጳጉሜን 1 ቀን፣ ዓርብ

ጠዋት ደበላ በራችንን አንኳኳ። «አብረውኝ ይመጣሉ» አለኝ። ልመና አልነበረም።

በክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ፤ ጃኬቱን አስያዘኝ። ከመግባቱ በፊት ወደ ጓሮ የሚወስደውን በር አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «እዚያ በር ላይ ቢቀመጡልኝ ይሻላል። እኔም ሰው ነኝ» አለ። ሲስተር ከዲጃ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። አግዳሚውን ስቤ በጓሮው በር ተቀመጥሁ።

አልወጣም። አንድ ጊዜ ከሕክምናው ክፍል ድምፁን ሰማሁት፤ አጭር ነበር። እጄ ጃኬቱን ጨበጠ።

ሲወጣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ግንባሩን አልቦት ነበር። አጠገቤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ከነገሩኝ ትንሽ ይበልጣል» አለኝ። ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከዋሹኝ ግን በጣም ያንሳል።»

ባጃጅ ጠራሁ። በመንገድ አልተነጋገርንም። ጉድጓድ በደረስን ቁጥር ክንዴን ይይዝ ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን፣ እሑድ

ሐመልማል ከቅዳሴ መልስ ጓዳ ገባች። የገብስ ገንፎ ስታገነፋ ሰማሁ። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በገበቴ አድርጋ፣ ቅቤውን አፍስሳ፣ ከደነችውና ወደ ትንቢት አላየችም፤ ወደ እኔ አየች።

በሕይወቴ ከጓዳ ዕቃ ይዤ ወደ አደባባይ ወጥቼ አላውቅም። ተቀበልኋት።

የሩፋኤል ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች በየደጁ ራሳቸውን አስመትተው ይጮኻሉ። ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ከዲሮ ከሁለት ሰዎች ጋር ተጠልሎ አየኝ።

«ጋሼ ዳይሬክተር፣ ማን ወለደች?»

«ማንም አልወለደችም።»

«ታዲያ ገንፎው?»

ማለፍ ይቻል ነበር። ቆምሁ። «ይህን የመሰለ ገንፎ በሰኔ ለእኔ ተሠርቶ ነበር፣ ከዲሮ። ቁስል ሳይኖረኝ በላሁት። ጮኋል ያላችሁት ሐሰት ነው፤ ያን ጊዜ ከሐኪሙ አልጋ ሸሽቼ ነበር። ባለፈው ወር አስደርጌዋለሁ፤ ሰው ‹ያማል ወይ› ቢልህ ወደ እኔ ላከው።»

ከዲሮ ቀልድ ፈልጎ አጣ። ከኋላው ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ እንደሚቃጠል ግን ይሰማኝ ነበር። ገንፎው እንዳይበርድ ቀጠልሁ።

የደበላን ቤት በር የከፈተችው ከበደች ናት። ከስታለች፤ ግድግዳውን ይዛ ነው የቆመችው። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ፊት ለፊት ስንተያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ገበቴውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ለእርስዎ በሰኔ የተሠራው ዓይነት ነው?» አለችኝ።

«አዎን።»

ተቀበለችኝ። ክብደቱ እጇን ሲያወርደው አየሁና ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ፤ አልፈለገችም። ይዛው ወደ ውስጥ ገባች። ደበላ ከውስጥ «ማነው?» ሲል ሰማሁ። የመለሰችለትን አልሰማሁም።

ይግቡ አላለችኝም። በሩንም አልዘጋችውም።

እዚያው ቆየሁ። ዝናቡ በራሴ ላይ ይወርድ ነበር፤ ጃንጥላዬን ከቤት ይዤ አልወጣሁም፣ ሁለቱንም እጆቼን የያዘው ገንፎው ነበርና።